ትርንጎ በኬክ ካርቶን የሠራቻቸው አልበሞች

ሻይ ውስጥ የተነከረ ወረቀት እንደዚያ ይሸታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከሁለት ወር በፊት የጓደኛዬ የትርንጎ ሙት ዓመት ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ እንዳለቀ ልጇ ሜሮን ዘመድ ወዳጁን ሁሉ ካዛንቺስ ወዳለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ወሰደችን። በሩ አጠገብ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ቆሟል፤ ዙሪያውን የፕላስቲክ አበባ፣ መሐሉ ላይ የተከፈተ ትልቅ መጽሐፍ። ገጾቹ ቢጫ፣ ጠርዛቸው የተለበለበ። የዱሮ ነገር መሰለኝ። መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ ስል ግን ሻይ ሻይ ሸተተኝ፤ የቀዘቀዘ፣ ያደረ ሻይ።

ጠረጴዛውን የምትጠብቀው ወጣት፣ ዲኮር የምትሠራዋ ልጅ፣ አፍንጫዬን ወረቀቱ ላይ ሳደርግ አይታ ሳቀች።

"እማማ፣ ኦልድ እንዲመስል ሻይ ውስጥ ነክረነው ነው። ጠርዙን ደግሞ በላይተር ለብለብ አደረግነው። ማለቴ፣ ስክራፕቡክ ቪንቴጅ ሲሆን ነው የሚያምረው። ስለ እማማ ትርንጎ አንድ ስዊት ሜሞሪ ይጻፉልን፤ ሁለት መስመር በቃ።"

ወርቃማ ቀለም የሚተፋ እስክሪብቶ አስጨበጠችኝ። ገጹ ላይ የተለጠፈችው ትርንጎ እንኳ ትርንጎ አይደለችም። በኮምፒውተር ፊቷን አለስልሰው ማድያቷን አጥፍተውላታል፤ ኬክ ቤት ስትሠራ ምድጃው አገጯ ላይ የተወላት ጠባሳ የለም። ዙሪያዋን የላስቲክ ቢራቢሮ፣ ዕንቁ መሳይ ጠብታ፣ ተቆርጦ ተዘጋጅቶ የተሸጠ ቀይ ልብ። ትርንጎ ብታየው ምን ትል እንደነበር አውቃለሁ። "ይኼን ሁሉ ገዝተውት ነው?" ትል ነበር። በዕድሜዋ አንድም ነገር ገዝታ ለጥፋ አታውቅማ።

አልበም መሥራት የጀመረች ጊዜ ሁለታችንም ሃያ ዓመት ብንሞላ ነው። ካዛንቺስ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት አባወራ እንኖር ነበር፤ ውሃው አንድ ቧንቧ፣ በሩ አንድ ቆርቆሮ። እኔ ለገሃር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ እሷ እዚያው ሰፈር ኬክ ቤት ትሠራለች። ጠዋት አብረን እንወጣለን፤ እኔ በእግሬ እስከ ለገሃር፣ እሷ እስከ ማዕዘኑ። ታክሲ ስሙኒ ነበር፣ ግን ስሙኒ ማኪያቶም ነበር፤ እኛ ማኪያቶውን እንመርጣለን። ጫማችን ታኮው እንደ ጡብ፣ ቀሚሳችን ከጉልበት በላይ፣ ጸጉራችን ክብ ተደርጎ የተነፋ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ብቆም የቱ የእኛ በር እንደነበር አላውቅም። መስታወት ነው፣ አስፋልት ነው፣ የሣር ምንጣፍ ነው። ከቦታው የቀረኝ ነገር ቢኖር ከጎረቤት ቡና ቤት ሳንቲም የሚጎርሰው የሙዚቃ ሳጥን ነው፤ ጸሐይ ሲያዘቀዝቅ አንዱን የፍቅር ዘፈን ደጋግሞ ሲያለቅስብን አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አልበም ከሱቅ መግዛት የሀብታም ነገር ነበር። ፒያሳ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ አይተነዋል፤ ጥቁር ገጽ፣ በየገጹ መሐል ስስ ወረቀት፣ ዋጋው አሥራ ስምንት ብር። የእኔ ደመወዝ ሰባ አምስት ነበር። ትርንጎ መስታወቱ ላይ ግንባሯን ለጥፋ ብዙ አየችውና "ይኼንማ እሠራዋለሁ" አለች። ሠራችውም። ሽፋኑ የኬክ ካርቶን ሆነ፣ ማዕዘኑ ስለተጎዳ ኬክ የማይሸጥበት፣ ይጣል የነበረ። ገጹ የሲሚንቶ ከረጢት። የከረጢቱን የውጭ ወረቀት ትጥለውና ውስጥ ውስጡን እየላጠች፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ ፍራሽ ሥር ታስተኛዋለች፤ ሲነሳ ቡናማ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ገጽ ነው። እኔ ከመሥሪያ ቤት ያገለገለ ፖስታ አመጣላታለሁ፤ ማዕዘን ማዕዘኑን ስትቆርጠው ትንሽ ኪስ ይሆናል፣ የፎቶው ጫፍ እዚያ ይገባል። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት በጥፍሯ ተኩሳ ኮከብ ታወጣበታለች። የከረሜላ ልጣጭ፣ የዓምና ካላንደር፣ የኬክ ማሰሪያ ጥብጣብ፣ ከግቢያችን ልብስ ሰፊ እግር ሥር የተለቀመ ቁራጭ ጨርቅ። መስፊያው የጆንያ ክር። ሙጫው ፉርኖ ዱቄት ነው፤ በጣሳ ውሃ ታፈላውና እያማሰለች ታወፍረዋለች፣ እንዳይሸት ትንሽ ሎሚ ትጨምቅበታለች።

ይሸት ነበር እንጂ። እውነቱን ልናገር ከሆነ፣ ገና በሳምንቱ መኮምጠጥ ይጀምራል፤ እንደ ተረሳ ሊጥ። በረሮ ደግሞ ይወደዋል። በክረምት አልበሙ ሲገለጥ ከገጽ ገጽ የሚሮጥ ነገር አይጠፋም ነበር። ትርንጎ እፍ ብላ ታባርረውና ማሳየቷን ትቀጥላለች። እኔ ያኔም ዘግንኖኝ እግሬን ወንበር ላይ እሰቅል ነበር።

ታምሩ የሚባል ልጅ አገባች። ባቡር ጣቢያ ጭነት ክፍል ይሠራ ነበር፤ እዚያው ግቢያችን አንዷን ክፍል ተከራዩ። ከሠርጋቸው በፊት ለገሃር ፎቶ ቤት ሲነሳ ሦስታችንም አብረን ሄደናል። ቡናማ የቆዳ ጃኬት ከጓደኛው ተውሷል። ሸሚዙ ኮሌታው የውሻ ጆሮ የሚያክል፣ ሱሪው ከታች ሁለት ሰው የሚያስገባ፣ ጫማው ነጭና ጥቁር። ከጀርባው የጂፕሰም ምሰሶና የተቀባ ሐይቅ አለ። አራት ፎቶ በአንድ ብር ከሃምሳ። ባለ ካሜራው "ኮሌታው ተንሻፏል" ሲል ሄጄ ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊቱ ከእኔ ፊት አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር።

ሜሮን ስምንት ወር ሳይሞላት ታምሩ አንድ ጠዋት ለሥራ ወጣና አልተመለሰም። ያ ዘመን እንዲያ ነበር፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ ባያውቀው ይሻለዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ፍተሻ ይመጣል ተባለ። በየቤቱ ሰው ደብዳቤውን፣ መጽሐፉን፣ ፎቶውን ከሰል ምድጃ ላይ ይጨምራል። ትርንጎም የታምሩን ፎቶዎች አንድ በአንድ አቃጠለች፤ እኔ ልጅቷን አቅፌ አጠገቧ ቆሜያለሁ። የመጨረሻዋ ላይ፣ ያቺ ባለ ቆዳ ጃኬቷ ላይ፣ እጇ ቆመ።

"ስንዱ፣ ይኼንን አልችልም" አለችኝ።

"አምጪው" አልኳት። እሑድ ከሰዓት ነበር፣ ጸሐይዋ ቁልጭ ብላለች። ዱቄቱን እኔ አፈላሁት። ፎቶውን አንዱ አልበም ገጽ ላይ ሙሉ በሙሉ ለጠፍነው፤ ከላዩ የካላንደር ሥዕል፣ ሁለት ነጭ ወፎች በሐይቅ ላይ፣ አራቱንም ጠርዝ አጣብቀን ደፈንበት። በማግስቱ ፈታሾቹ መጡ። አንደኛው አልበሙን አነሣና ገልጦ አፍንጫውን ያዘ። "ምንድነው የሚሸተው? አይጥ ሞቶበታል እንዴ?" ብሎ ወለሉ ላይ ወረወረው። ተጸየፈና ተወው። ታምሩ በዚያ ሽታ ተረፈ፤ ማለቴ የታምሩ ፊት። ዓመታት አልፈው ፍርሃቱ ሲለቅ ትርንጎ የካላንደሩን ሦስት ጠርዝ በምላጭ ከፈተችው፤ እንደ መስኮት ገለጥ ሲደረግ ባሏ ከውስጥ ያያል። ፎቶውን መላጥ ግን አልተቻለም፣ ከሲሚንቶው ወረቀት ጋር አንድ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሠራች፤ በመጨረሻ ሰባት አልበም ነበራት። የግቢው ሴቶች ልደት ሲሆን፣ ክርስትና ሲሆን እሷ ዘንድ ይመጣሉ፤ ካርቶን ይዘው ገብተው አልበም ይዘው ይወጣሉ። ሜሮን ግን አፈረችባት። አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ይዛው ሄዳ ልጆቹ እያሸተቱ ስቀውባት መጣች፤ ከዚያ ወዲህ እናቷ ዱቄት ስታፈላ ከቤት ትወጣ ነበር። አድጋ፣ ተምራ፣ ባንክ ተቀጥራ፣ አያት ሰፈር ጥሩ አፓርትመንት ውስጥ ገባች። ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ሲባል እናቷን እዚያ ልትወስዳት ሆነ።

እኔ ቀደም ብዬ ቂርቆስ ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ነበር፣ አራተኛ ፎቅ። ልጄ በዚያው ወር ኩሽናዬን ነጭ ካቢኔት አስገጥሞልኛል፤ በየቀኑ በለስላሳ ጨርቅ አሸዋለሁ፣ ጣት ሲያርፍበት ይነደኛል። ትርንጎ አንድ ጠዋት መጣች። የዱቄት ማዳበሪያ ተሸክማ አራት ፎቅ ወጥታ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

"አልበሞቹ ናቸው" አለችኝ። "ሜሮን 'ይኼን ቆሻሻ ይዘሽ እኔ ቤት አትገቢም' ብላኛለች። ልጅ ናት፣ አዲስ ቤት ነው፣ አልፈርድባትም። አንቺ ዘንድ ይቀመጡልኝ። አንድ ጥግ ይበቃቸዋል።"

መልስ ሳልሰጥ ማዳበሪያውን ወለሉ ላይ አድርጋ አፉን ፈታችው። ሽታው ወጣ፣ ያ የዱሮው ኮምጣጣ፣ አሁን ሻጋታ ተጨምሮበት። ከሽታው ጋር ሁለት በረሮ ወጣ። አንዱ ወደ ነጩ ካቢኔት ሮጠ።

"ኧረ በማርያም! ይኼን ቆሻሻ ከዚህ አውጪልኝ!" ብዬ ጮህኩ።

ቃሉ ከልጇ ቃል ጋር አንድ መሆኑ በኋላ ነው የገባኝ። እሷ ግን ወዲያው ገብቷታል። ቀና ብላ አየችኝና ሳቅ ለማለት ሞከረች። "ልክ ነሽ እኮ፣ ይሸታል" አለች። የማዳበሪያውን አፍ አሰረችና ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ደረጃው ድረስ አልሸኘኋትም። ፍሊት እየፈለግኩ ነበር። ስልክ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ያቺን አንዷን የታምሩን ገጽ ገልጬ ፎቶ ባነሣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። አላሰብኩትም። በረሮውን ገድዬ መስኮት ልከፍት ስሄድ ትርንጎ ከታች ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ቆማለች። ረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ማዳበሪያውን ገንዳው ውስጥ ሳይሆን ከአጠገቡ፣ ልጅ እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጋ አስቀመጠችውና ወደ ታክሲ ሄደች። መስኮቱን ዘጋሁት። ዝንብ ይገባ ነበር።

ሁለት ዓመት አልሞላትም፣ ስኳሩ ጸንቶባት ሞተች። በሁለቱ ዓመት ውስጥ በዓል ሲሆን ትመጣለች፣ ትደውላለች፣ ትስቃለች። ስለ አልበሞቹ አንድም ቀን አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም፤ ባላነሣሁት ቁጥር የሌለ ነገር መስሎ ታየኝ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ሆኖ ነው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ወርቃማውን እስክሪብቶ ይዤ የቆምኩት። እውነተኛውን አሮጌ ወረቀት ገንዳ አጠገብ ጥለን አዲሱን በሻይ እናስረጃለን። መጽሐፉን አንሥቼ ሰው ፊት ብቀደው ደስታዬ ነበር። ያኔ ሜሮን መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ጉንጬን ሳመችኝና ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"እትዬ ስንዱ፣ ዛሬ ያመጧቸዋል ብዬ ነበር" አለችኝ።

"ምኑን?"

"የእማዬን አልበሞች። 'ስንዱ ዘንድ ናቸው፣ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃቸው' ብላኛለች። እውነቱን ልንገርዎት፣ ተቀይሜዎት ነበር። ዓመት ሙሉ ጠበቅኩ። የራስዎ አድርገዋቸዋል ብዬ... ለመጠየቅ ደግሞ ፊት አልነበረኝም፤ ቆሻሻ ያልኩት እኔ ነኝ እኮ። ይኼን መጽሐፍ ያሠራሁትም በእልህ ነው።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ትርንጎ ስሜን ጠብቃልኝ ነው የሞተችው። የልጇ ቂም በእኔ ላይ እንዳይሆን ብላ አይደለም፤ ጓደኛዋ በልጇ ፊት እንዳትዋረድ። እኔ ያን ጊዜ ሁሉ ካቢኔት እጠርግ ነበር።

"እኔ ዘንድ የሉም" አልኳት።

"እንዴት የሉም?"

"አምጥታልኝ አልተቀበልኳትም። በረሮ ወጣበትና 'ይኼን ቆሻሻ አውጪልኝ' አልኳት። ገንዳ አጠገብ ስታስቀምጠው በመስኮት አይቻለሁ። አልወረድኩም።"

ሜሮን ትጮሃለች ብዬ ነበር። ብትጮህ፣ ብትሰድበኝ እወድ ነበር። ቀስ ብላ አጠገቤ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

"የአባዬስ ፎቶ?" አለች። "ወፍ ያለበት ካላንደር ሥር... ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ አሳይታኛለች። ሽታውን ፈርቼ ደህና አድርጌ አላየሁትም። ሌላ የለም አይደል?"

"ሌላ የለም። ሌላው ተቃጥሏል።"

ሰው ይገባል፣ ዲኮር የምትሠራዋ ልጅ በር ላይ "ስዊት ሜሞሪ" እያለች እስክሪብቶ ታድላለች። ከዚያ ሜሮን ወደ እኔ ዞረች፤ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ሳትሆን ጥያቄ ያላት ተማሪ ትመስል ነበር።

"እርስዎ ያውቁታል። ምን ይመስል ነበር?"

ስለ ጃኬቱ ነገርኳት። ስለ ኮሌታው፣ ስለ ጫማው ነጭና ጥቁር፣ ስለ ጂፕሰሙ ምሰሶ፣ ስለ አንድ ብር ከሃምሳው። "ፊቱስ?" አለችኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ኮሌታው መጣ፣ ጣቶቼ ኮሌታው ላይ መጡ፤ ከኮሌታው በላይ ግን ባዶ ነው። ያን ሁሉ ዋጋ፣ ያን ሁሉ ጨርቅ፣ ያን ሁሉ ዘፈን ያስቀመጠ ጭንቅላት የአንድ ሰው ፊት አላስቀመጠም። ጠይም ይሁን ቀይ፣ ዓይኑ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ የለም። ዓይኔን ስገልጥ ሜሮን ከንፈሬን እያየች ነው።

"አንቺን ይመስል ነበር" አልኳት። "ቁርጥ አንቺን።"

አለቀሰች። እጄን አገላብጣ ሳመችኝ፣ እኔን። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደችና ሻይ በጠጣው ወረቀት ላይ በወርቃማ ቀለም አንድ መስመር ጻፈች፤ "አባቴ እኔን ይመስል ነበር።" ልጅቷ አንብባ "ዋው፣ በጣም ስዊት ነው" አለችና ከጎኑ ቢራቢሮ ለጠፈችበት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሜሮን በየእሑዱ ቤቴ ትመጣለች። ፍራፍሬ ይዛ አራት ፎቅ ትወጣለች፣ ነጩ ካቢኔቴ ፊት ትቀመጣለች፣ ትጠይቀኛለች። መጀመሪያ ድምፁን ጠየቀችኝ፤ ጎርነን ያለ ነበር አልኳት። ቁመቱን ጠየቀችኝ፤ ከእናትሽ ራስ በላይ አልኳት። በሌላው እሑድ ደግሞ እሷ ስትወለድ አባቷ ምን እንዳለ እናቷ ነግራኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ያንንም ነገርኳት፣ ከየት እንዳመጣሁት ሳላውቅ። ከአፌ የሚወጣውን እየሰማሁ እጸየፈዋለሁ፤ ስትሄድ አፌን በውሃ እጉመጠመጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ስትመጣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስይዛው ነበር፤ ታምሩ ወደ ኋላ ነበር የሚያበጥረው ብያት ነበርና።

ትናንት ደወለችልኝ። "እትዬ ስንዱ፣ አንድ ነገር ረሳሁ" አለችኝ። "ሲስቅ እንዴት ነበር?"

"እሑድ ነይ" አልኳት።